ኳስ እንዳይንከባለል ስለተሠራው ግድግዳ

ግንቦት 14 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለከፍተኛው የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከቀበሌያችን ሊቀመንበር ጋር ቤት እንድቀያየር ስለመጠየቅ

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፤

አመልካች ከቁስቋም በታች፣ በጎርፍ መውረጃው ቦይ ዳር ባለ የቀበሌ ቤት ነዋሪ ነኝ።

1. ቦዩን በ1974 ዓ.ም. በእሑድ የልማት ዘመቻ የቆፈርነው እኛው ነን፤ አንድም እሑድ ቀሪ አልተባልኩም። ክረምት የእንጦጦን ውሃ እንዲያወርድ፣ በጋ ወጣቱ መረብ ኳስ እንዲጫወትበት ተብሎ ወለሉ ሰፊና ደልዳላ ተደረገ። ባለቤቴ አቶ ታረቀኝ እግራቸው እምቢ ካላቸው በኋላ አልጋቸው ላይ ሆነው፣ በመስኮት እያዩ ነጥብ ይቆጥሩ ነበር።

2. በመጋቢት 1975 የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ይገዙ አጥናፉ፣ ኳሱ ቁልቁል እየተንከባለለ አስቸገረ ብለው የቦዩን ታችኛ ጫፍ በድንጋይና በሲሚንቶ አዘጉት። ሰኔ ሳይገባ ይፈርሳል አሉ። ሰኔ ሲገባ ደግሞ ለመስከረም 2 ውድድር ያስፈልገናል አሉ። ሦስት ጊዜ ቢሯቸው ሄጄ ሦስቴም «እማማ፣ አይስጉ» ተብዬ ተመለስኩ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይህ ነው።

3. ነሐሴ 9 ቀን ከቀትር በኋላ፣ ቀበሌ ሱቅ ለስኳር ተሰልፌ ሳለ ጎርፉ ወረደ። ግድግዳው አልተነቃነቀም፤ በአሠራሩ አይታማም። ውሃው መውጫ ሲያጣ ሞልቶ በእኔ በር ገባ። ስደርስ ጎረቤቶች አቶ ታረቀኝን አውጥተው መንገዱ ላይ አስተኝተዋቸዋል። ነፍሳቸው ወጥታለች።

4. ጓድ ይገዙ ቀብር መጥተው «የተፈጥሮ አደጋ ነው» አሉ። ግድግዳው ዛሬም ቆሟል። ይፍረስልኝ ብዬ ባመለክት ባለፈው ወር «በነዋሪው ላይ የሚያደርሰው ስጋት የለም» ብለው ፈርመውና ማኅተም አድርገው መለሱልኝ፤ ቅጂው ተያይዟል። ለክቡርነትዎ አልዋሽም፣ እኚህን ሰው እጠላቸዋለሁ።

5. ስለዚህ ካሣም ሆነ እስራት አልጠይቅም። ሁለታችንም የቀበሌ ቤት ነዋሪዎች ስለሆንን፣ ስጋት አለመኖሩንም በማኅተም ስላረጋገጡ፣ ከሰኔ 1 ቀን ጀምሮ ክረምቱ እስኪወጣ ቤት እንድንቀያየር ይታዘዝልኝ። አልጋቸውም የአቶ ታረቀኝ አልጋ በነበረበት ይዘርጋ። ባለቤታቸው ወ/ሮ የሺና ልጆቻቸው አልበደሉኝም፤ ሰማዩ ሲያጉረመርም እኔ ወደምሆንበት ዳገት ላይ ወዳለው ቤታቸው ሽቅብ ይሩጡ፣ በሩን ከፍቼ እጠብቃቸዋለሁ። ለጓድ ይገዙ ግን አልከፍትም።

ከአክብሮትና ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር

ሙሉእመቤት መሸሻ
(ራሴ ጽፌ፣ ራሴ የፈረምኩ)