ችካል የማይተከልበት ሜዳ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ከሰዓት

ዛሬም ከወልድያ መርሳ፣ ሚኒባስ ውስጥ ተጣብቄ። ዛሬም መዝገብ ቤት። የፋይል አቧራ አራግፋለሁ። በታሪክ ዲግሪ። ይሁን።

በምሳ ሰዓት ወደ መናፈሻው፣ ወደ ልጆቹ ሜዳ ወረድኩ። አዲሱ ቦርድ በሁለት ብረት ላይ ቆሟል። አነበብኩት። ማስታወሻዬ ሆይ፣ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የእኔ ነው። ክረምቱን ሙሉ ዋርካው ሥር ከሽማግሌዎች አፍ የለቀምኩት። ከታች ግን «አዘጋጅ» ብሎ የአለቃዬ የአቶ ጌታሁን ስም። ለካ ወደ መዝገብ ቤት የተዛወርኩት ለዚህ ነው።

የእኔን ስም መዝለሉን እችለዋለሁ። ያልቻልኩት ከላይ በትልቁ የተጻፈውን ነው። ሜዳውን በአያቱ ስም ሰይሞታል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ከቦርዱ የተቆረጠውን አንቺ ያዢልኝ፣ ማስታወሻዬ።

ሜዳው ድሮ እርሻ ነበር። የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባሉ ሁለት ቤተሰቦች ድንበር ሲገፋፉበት ኖሩ። በመጨረሻ ከሁለቱም ቤት ሰው ሞተ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ሼሁም ቄሱም። መሬቱ የማንም አይሁን ተባለ። ማንም አይረሰው። በማንም ስም አይጠራ። ከሁለቱ ቤት የተወለደ ችካል አይትከልበት፤ ተተክሎ ቢያገኝም አይንቀል። ልጆች ይጫወቱበት። ሁለቱም ቤት ማለ።

ልጆቹ እዚያው ኳስ እየተራገጡ አደጉ፣ ተጋቡ፣ ወለዱ። ኋላ ዥዋዥዌውና መንሸራተቻው ሲመጣ እንኳ የሚተክለው በያጅ ከሩቅ አገር ተፈልጎ ነው። እስከ ዛሬ አጥር የለው፣ ስም የለው። የልጆቹ ሜዳ ይሉታል፣ በቃ። ይህን የጻፍኩት በኩራት ነበር። እንዲህ ያለ መናፈሻ የትም አላየሁም።

አቶ ጌታሁን የላይ ቤት ልጅ ነው። መሐላውን ከጽሑፌ ቆርጦ ጣለው። የቦርዱን ጉድጓድ በገዛ እጁ ሲቆፍርም ፎቶ ተነሥቷል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

አቶ ጌታሁን ቢሮ ገባሁ። መሐላውን አስታወስኩት። የሽማግሌ ተረት ነው አለ። ስም የሌለው መናፈሻ ለከተማው ሐፍረት ነው አለ። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ «አንቺ የወልድያ ልጅ፣ የመርሳን ነገር ለመርሳ ልጆች ተዪው።»

ጸሐፊዋ ሳቀች። አላለቀስኩም። በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት። እሱ የበለጠ ያበሳጨዋል።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ዕረፍቴ ነው፤ ግን መጣሁ። ዥዋዥዌው ሁለት መቀመጫ አለው። አንዱ ላይ የላይ ቤት ልጅ። አንዱ ባዶ። የታች ቤት ሰዎች አልጮኹም፣ አልከሰሱም። ዝም ብለው ልጆቻቸውን ቤት አስቀሩ። ዝምታው ያስፈራል። የድሮው ነገርም በዝምታ ነበር የጀመረው።

እማማ ሰአዳ ከመንገዱ ማዶ ፓፓያ ይሸጣሉ። የታች ቤት ልጅ፣ የላይ ቤት ሚስት። ቦርዱን የሚነቅል ጠፋ ወይ አልኳቸው። «በየትኛው እጄ፣ ልጄ? አንዱ የላይ ቤት፣ አንዱ የታች ቤት።» መርሳ ውስጥ ከሁለቱ ያልተዋለደ ካገኘሽ አምጪልኝ አሉ። ሳቅ አሉ፤ ዓይናቸው ግን ባዶዋ መቀመጫ ላይ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ሽማግሌዎች ዋርካው ሥር ተቀመጡ፣ ከሁለቱም ቤት። ቦርዱ እንዲነሣ የእኛን ጽ/ቤት ለምነው ነበር፤ «ይታያል» ተባሉ። አስጠሩኝ። የላይ ቤቱ ትልቅ ሰው፣ የአቶ ጌታሁን አጎት፣ ጋሽ ይማም ጠየቁኝ። የት ተወለድሽ? ወልድያ። አባትሽስ? ወልድያ። እናትሽ? ጉባ ላፍቶ። መርሳ ዘመድ? የለኝም። ከዚህ ባል? እማማ ሰአዳ ከኋላ ገቡበት፦ «ይቺን ማን ችሏት!» ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔም።

ከዚያ ጋሽ ይማም አንገታቸውን ደፉ። መሐላው አለ፤ የወንድማቸው ልጅ የተከለውን እሳቸው መንቀል አይችሉም። ባዳ ያስፈልጋል። ሥራሽን ልታጪ ትችያለሽ፣ እምቢ ብትዪ አንቀየምሽም፣ እስከ ዓርብ አስቢበት አሉኝ። እሺ ካልሽ ግን ፖሊስም ቢመጣ አጠገብሽ ነን።

ባዳ መሆን እንዲህ አኩርቶኝ አያውቅም።

ዓርብ፣ ኅዳር 19። ሚኒባስ ውስጥ

ዶማው ከመቀመጫዬ ሥር ነው። ረዳቱ አይቶ፣ እህቴ፣ በዲግሪሽ ልታርሺ ነው አለ። ልነቅል ነው አልኩት። ለዶማውም ሒሳብ ጠየቀኝ።

ወስኛለሁ። ተደብቄ አይደለም። ከጁምዓ መልስ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ። የቦርዱ ብረት ሲሚንቶ አልገባበትም፤ በድንጋይና በአፈር ነው የቆመው። ቦርዱን አልሰብረውም። ተሸክሜ አቶ ጌታሁን ጠረጴዛ ላይ አኖረዋለሁ። የወልድያ ልጅ ነኝ፣ የመርሳ ልጆች ልከውኝ ነው እለዋለሁ። ሌላ ቃል አልጨምርም። ካባረረኝም ያባርረኝ። ታሪኩን ማን እንደጻፈው ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ።

ሜዳው ዳር

ጋሽ ይማም መጥተዋል። የታች ቤት ሽማግሌዎችም። እማማ ሰአዳ ፓፓያቸውን ሸፍነው ቆመዋል። ከኋላቸው የታች ቤት ልጆች፣ ንጹሕ ልብስ ለብሰው፣ ዥዋዥዌውን እያዩ፣ አንድ እግራቸው ሣሩ ላይ። አንዷ፣ አሁን እንግባ ወይ አለችኝ። ትንሽ ጠብቂ አልኳት። ይህን ያዢልኝ፣ ማስታወሻዬ፤ ዶማውን ላነሣ ነው።