የእማዬ ሙሾ በሳክስፎን

ይድረስ ለእናቴ፣ በዓለም ጤና። በሹፌሩ በፈዬራ ሚኒባስ፣ በእጅ የሚሰጥ።

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽን ተሻለሽ? ያ የሚቀባው መድኃኒት ካለቀ ለእህቴ ለሃኒ ንገሪያት፤ ዝም ብለሽ አትታመሚ። ሽንኩርቱስ ተነቀለ ወይስ ዘንድሮም ዋጋው ይጨምራል ብላችሁ መሬት ውስጥ እያቆያችሁት ነው? ላሚቱስ? ጎረቤቶቻችን እነፎዚያስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አካሌ ደህና ነው። ሌላው ግን ደህና አይደለም። በደወልሽ ቁጥር "ኔትዎርክ የለም" እያልኩ የምዘጋብሽም ለዚህ ነው። ኔትዎርኩስ ነበረ። የምነግርሽን በአፌ መናገር አፍሬ ነው።

አባዬን የቀበርን ዕለት ሴቶቹ ግራና ቀኝ ይዘውሽ፣ ደረትሽን እየመታሽ ያንን ሙሾ አወረድሽ። ከዚያ በፊት ስታንጎራጉሪ እንኳ ሰምቼሽ አላውቅም። ሰው ሁሉ ተንሰቀሰቀ። እኔ አላለቀስኩም። ሽማግሌዎቹ "ወንድ ልጅ! ጥንካሬ ማለት ይኼ ነው" እያሉ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እማዬ፣ ጥንካሬ አልነበረም። ቅኝቱን እየፈለግሁ ነበር። ድምፅሽ የት ላይ እንደሚወጣ፣ የት ላይ እንደሚሰበር እያጠናሁ፣ ጣቶቼ ከጋቢው ሥር የሌለ ሳክስፎን ይነካኩ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ጃዝ መማር ከጀመርኩ ወዲህ ጆሮዬ እንዲህ ሆኗል፤ አንዴ የሰማሁት አይጠፋኝም። የበራችን ሲጢጥታ፣ የውሃ መሳቢያው ሞተር፣ አባዬ ደረቱን ከያዘው በኋላ የሚያስላት ሳል፣ ሁለት አጭር አንድ ረጅም፣ ሁሉም እዚሁ ጆሮዬ ውስጥ ነው። ስንቴ ተመስግኜበታለሁ። ያን ዕለት ግን ጠላሁት።

ጠላሁት እላለሁ እንጂ ሄጄ ተጠቀምኩበት። ጃዝ ማለት አንድ ዜማ ይዘሽ፣ ከውስጡ ያልነበረ ነገር እየፈጠርሽ መሄድ ነው፤ የመመረቂያ ፈተናችንም እሱው ነው። መምህራችን ኢተፋ ለፈተናው ከየቤታችሁ ዜማ አምጡ አለን። ያንቺን ሙሾ ወሰድኩ። የባንዳችን ድራምና ቤዝ ገባበት፣ ፈጠን አደረግነው። መምህሩ ከወንበሩ ብድግ ብሎ የማን ነው አለኝ። የራሴ ድርሰት ነው አልኩት። ምላሴን በቆረጠው! ከዚያ ወዲያማ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ፤ በሄድንበት ሁሉ ስጫወተው ከረምኩ።

ባለፈው ቅዳሜ፣ እንደ ልማዳችን፣ እዚህ አዳማ በምንሠራበት ሆቴል ግቢ ውስጥ ተጫወትን። ሃኒ ከፋብሪካ ፈረቃዋ ወጥታ፣ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትሰማኝ መጣች። ያንኑ ነፋሁት። ሰዉ አጨበጨበ። ቢራ የያዘው ሁሉ ትከሻውን ነቀነቀ፤ አንዱማ ተነስቶ እስክስታ ወረደ። ባንቺ ለቅሶ፣ እማዬ። ቀና ስል የሃኒ ወንበር ባዶ ነው።

ውጪ አጥሩን ተደግፋ አገኘኋት። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቃሉን የት ጣልከው ነው ያለችኝ። የምን ቃል አልኳት። አፍጥጣ አየችኝና እማዬ ያን ዕለት ያለችውን አልሰማህም እንዴ አለችኝ። እውነቴን ነው፣ አልሰማሁም። ዜማውን ከነትንፋሹ ስይዝ ከቃሉ አንዲት አልያዝኩም። ቀስ ብላ አለችልኝ፦

ሽንኩርት ልሸጥ ብሎ ናዝሬት እየወጣ፣
ልጁን ባጥር ሰምቶ ሳያናግር መጣ።

"ዩኒቨርሲቲ ልኬው አዝማሪ ሆነ" ብሎ ሁለት ዓመት ያኮረፈኝ አባዬ! አላምን ብዬ የሆቴሉን በር ጥበቃ ጋሽ ዳዊን ጠየቅሁት። ወፍራም ጋቢ የሚለብሱ፣ ረዘም ያሉ ሰውዬ አይደሉ እንዴ አለኝ። ግቡ እንጂ ሲላቸው ሽንኩርት እሸታለሁ፣ ልጁን ሰው ፊት አላሳፍረውም ይሉት ነበር አሉ። አባዬ እኔን እንዳያሳፍር! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት።

ለመምህር ኢተፋ መዋሸቴን ነግሬዋለሁ። ተቆጣኝ፣ ደግሞም አዘነልኝ፤ የዜማውን ባለቤት ጠይቅ አለኝ። ፈተናው ሰኔ ላይ ነው። ከዚህ ሌላ የረባ ዜማ የለኝም፣ ልወድቅ እችላለሁ። ቢሆንም ለቅሶው ያንቺ ነው። አትንካብኝ ካልሽ አልነካውም፤ ብወድቅም ልውደቅ። እሺ ካልሽ ግን ቆሜ የእናቴ ነው እላለሁ፣ ቃሉን በአፌ እላለሁ፣ ከዚያ ነው የምነፋው። ቀስ አድርጌ፣ አንቺ እንዳልሽው። ከመጣሽ ደግሞ ከእርሻ በቀጥታ ብትመጪ እንኳ፣ ሽንኩርትም ብትሸቺ፣ ከፊት ነው የምትቀመጪው። መልስሽን በሃኒ በኩል ላኪልኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። መስከረም ላይ ይመስለኛል፣ እረፍት ወጥተን ሆቴሉ አጥር ጥግ ከባንዱ ልጆች ጋር ቆሜ ስስቅ፣ ከማዶ ሰው ሲያስል ሰማሁ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ልጆቹ እንግባ አሉ፣ ገባሁ። ያኔ ጉንፋኑ ብዙ ሰው ይዞ ነበር እኮ። የማንም ሊሆን ይችላል። አይደል እማዬ? የማንም ሊሆን ይችላል።

አማኑኤል ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ የሱንም ነፍስ ከደጋጎቹ ያኑርልኝ። ጥቁሩን አውልቂ ብለው ካስቸገሩሽ፣ አንቺ ስትፈልጊ እንጂ እነሱ ስላሉ አታውልቂ። ጉልበትሽን እስምልሻለሁ።

ልጃችሁ