ያንቺ የጥብስ ቅጠል በቤዛ ራስ ላይ

ይድረስ ለዘነቡዬ፣

ስሚ፣ ስሚ! የሰማሽውን አጠገብሽ ላሉት ሁሉ አሰሚ! በአቃቂ፣ ከባቡር ሐዲዱ ወዲህ ባለው ቤትሽ፣ ዘመኑን ሁሉ ዝናብ እንደመታው አስፋልት ሲያብለጨልጭ በኖረው በባልሽ መላጣ ላይ፣ ልክ በመሐሉ፣ አንዲት ፀጉር በቅላለች። ሕዝቡ በደስታ ላይ ነው።

ከተለየሽን ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ዝም ያልኩሽ ረስቼሽ አይደለም፤ የምነግርሽ ነገር ክፉ ስለሆነ መሳቂያ እስካገኝለት ብዬ ነው።

መላጣዬ ላይ ፀጉር ላብቅል ብለሽ በቀይ ሽንኩርት ጭማቂ ያሸሽኝ ቀን ትዝ ይልሻል? ለቅሶ ቤት ስንደርስ ዓይኔ እንባውን ሲያወርደው፣ ሟቹን ከዘመዶቹ በላይ የወደድኩት መስሏቸው ሰው ሁሉ እኔን አጽናና። ከዚያ ወዲህ ነው ሽንኩርቱን ትተሽ የጥብስ ቅጠል በጉሎ ዘይት ዘፍዝፈሽ ፀሐይ ላይ ማቆየት የጀመርሽው። እኔ ያኔ ምንም አላበቀልኩም፤ ቁጥቋጦሽ ግን አጥሩን አልፏል።

አሁን ክፉውን ስሚ። በእጅሽ ያሳደግሻት የልጅ ልጃችን ቤዛ በሐምሌ ዝናብ ከኮዬ ፈጬ በነጠላ ጫማ መጣች። ባሏ ፀጉሯን በእጁ ጠቅልሎ በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ቁልቁል ጎትቷታል። ያ ሹሩባ ስትሠሪው የኖርሽው ራስ፣ ከጆሮዋ በላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ ተመልጦ ደም ቋጥሮ ነበር። ከነሥሩ ነው የነቀለው። ጤና ጣቢያ ስወስዳት ቁስሉ ሳይደርቅ ምንም እንዳትቀቡ፣ ፀጉሩ ይመለስ አይመለስ አሁን አይታወቅም አሉን። እስኪደርቅ ድረስ ቅጠልሽን ሙቀጫ ውስጥ ወቀጥኩ። በእያንዳንዱ ምት የማን ጭንቅላት ይታየኝ እንደነበር አልነግርሽም። ቅጠሉ ደቀቀ፣ ሙቀጫው ተሰነጠቀ፣ እኔ ግን አልበረደልኝም።

ከዳነላት በኋላ በየጠዋቱ እቀባት ጀመር። «አባባ፣ ጥብስ ጥብስ ሸተትኩ እኮ!» ስትለኝ፣ «እንግዲያው ጎረቤት ሳይበላሽ ሻሽሽን እሰሪ» እላታለሁ።

ባሏ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ስትሰማ ግን ሻንጣዋን አዘጋጀች። «ሽማግሌ እምቢ አይባልም፤ ነውሩ ለእርስዎ ነው» አለችኝ። ይህንኑ እኔም ለስንቱ ባልና ሚስት ሽማግሌ ሆኜ ብዬዋለሁ።

ሁለት ሽማግሎች መጡ። አንደኛው የባልየው የገዛ አጎት ጋሽ ደምሴ ናቸው። ባልየው ራሱ ሽቶ ተነክሮ ከኋላቸው ቆሟል። እንደ ወጉ ቆመው ለመኑ፤ «ባልና ሚስት ይጋጫል፣ አስታርቀን እንሂድ» አሉ። እኔ ግን ተቀመጡ አላልኩም። የቅጠሉን ዘይት ጠርሙስ አመጣሁና፣ «የዛሬውን ገና አልቀባኋትም፣ እጄም ይንቀጠቀጣል። እናንተ ቀቡልኝና ከዚያ እንታረቃለን» አልኩ። ቤዛ አየችኝ። ከዚያ ሻሿን ራሷ ፈታች።

ጋሽ ደምሴ ጣታቸውን ዘይት አስነክተው ራሷን ዳሰሱ። ጣታቸው ባዶው ቦታ ላይ ቆሞ ቀረ። ዞር አሉና ከዘራቸውን በወንድማቸው ልጅ ትከሻ ላይ፣ ጎኑ ላይ፣ ሲወድቅም ጀርባው ላይ አወረዱት። «ይሄን ነው ግጭት ያልከኝ? አንተ ውሻ፣ ይሄን ነው?» የቆርቆሮ በራችን ተገነጠለ፣ አፍንጫው ደም አጎረፈ፣ ከዘራው ለሁለት ተሰበረ። እኔም እንደ ጨዋ ሰው ልገላግል ተነሣሁ፤ ቀስ ብዬ ነው እንጂ፣ ጉልበቴን ታውቂዋለሽ።

ያስቆመቻቸው ቤዛ ናት። «ይበቃል ጋሼ። ዱላን እኔ አውቀዋለሁ። ብቻ አልመለስም» አለች። ሻንጣዋን ወደ ጓዳ መለሰች፤ በማግስቱም ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ከሰሰችው። ከተፈረደበት ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ለእኛ ቅርብ ነው፤ ስንቅ ግን ከእኔ እንዳይጠብቅ።

ዛሬ ጠዋት ስቀባት እንደ ጫጩት ላባ የለሰለሰ ነገር ጣቴ ላይ ተሰማኝ። ቅጠልሽ ይሁን፣ ጊዜው ራሱ ይሁን፣ እግዜር ይወቅ። እኔ ግን ያንቺ ሥራ ነው ብዬ ይዤዋለሁ። ቁጥቋጦሽን አጠጣዋለሁ፣ ራሷን አሻለሁ፤ ሽታው ከጣቴ ስለማይለቅ ልርሳሽ ብልም አይሆንልኝም።

አንዲት ነገር ግን ዋሽቼሻለሁ፣ ዘነቡዬ። በእኔ መላጣ ላይ ምንም አልበቀለም፤ ትተሽው እንደሄድሽ ያብለጨልጫል። የበቀለው በእሷ ራስ ላይ ነው።