ስለ ድልድዩ ያላልኩት

የካቲት 11

ጠዋት ድልድዩ ሥር ወረድኩ። የምሰሶዎቹን ንቅናቄ የሚመዘግቡትን መለኪያዎች ከአቧራ አጸዳሁ፣ ባትሪ ቀየርኩ፣ ቁጥሩን ወደ ደብተሬ ገለበጥኩ። ከላይ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ጆሮ ይደነቁራል። ጥበቃው ዛሬም “አንቺ ልጅ፣ ይሄ ድልድይ ምን በደለሽ? አላስተኛሽውም እኮ” አለኝ። ሳቅኩ። ምን ልበለው? እንቅልፍ የነሳኝስ እሱ አይደል…

ከሰዓት ቤተ ሙከራ። ጉጠቴን ጭልፊት እጅ ላይ አገኘሁት። ቅጽል ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ዓይኗ ያረፈበት ዕቃ አለቀለት። ጠረጴዛ የምንጋራ ሁለት ሴቶች… እኔ በድልድይ፣ እሷ ከሸክላ በምትሠራው የውሃ ማጣሪያ። ሆዷ ገፍቷል። “መጀመሪያ ማጣሪያው ይወለድ፣ ልጁ ይደርሳል” ትላለች።

የካቲት 19

ለሴት ተመራማሪዎች የተመደበው የምርምር ድጋፍ… ሁለታችንም ለመጨረሻው ዙር አለፍን። ከክፍላችን የሚወስደው አንድ ሰው ብቻ ነው። ወንዶቹ “ምነው ቀሚስ በለበስን” እያሉ ይቀልዳሉ። ጭልፊት መልስ አታጣም፤ “ብትለብሱም ጥናት ይጠይቃል” አለቻቸው። እኔ እንደ ልማዴ ዝም።

ካላገኘሁት ሰኔ ላይ ውሌ ያበቃል። መለኪያዎቹ የውሰት ናቸው፤ ተነቅለው ይመለሳሉ። ሁለት ክረምት የለፋሁበት ግማሽ ላይ ይቀራል። ግማሽ ጥናት ደግሞ ጥናት አይደለም።

መጋቢት 2

ጭልፊት ወለደች። ያለ ጊዜዋ። ሴት ልጅ፤ ማሞቂያ ውስጥ ናት አሉ።

ማታ ደወለች። ድምፅዋ የሷ አይመስልም። “ነገ ነው እኮ… ካልቀረብኩ ይሰርዙኛል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ቢያቀርብልሽ እንቀበላለን ብለዋል። ከአንቺ ሌላ ማን ያውቀዋል?”

“ተወዳዳሪሽ ነኝ እኮ።”

“አውቃለሁ” አለች። ከዚያ አለቀሰች። እሺ አልኳት። ምን ልል ኖሯል?

ወንድሜ ሲሰማ ወደ እማዬ ዞረና “የራሷ አሮባት የሰው ታማስልልሻለች!” አለ። እማዬ ቀና ብላ አየችኝና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

መጋቢት 3

ጠዋት የራሴን አቀረብኩ። “ትንሽ ሙከራ ነው” ብዬ ጀመርኩ። ለምን? ማን በይ አለኝ? ከኋላ የተቀመጡት ጆሯቸውን ሲያዘነብሉ አያለሁ፤ ድምፄ ግን አልወጣም። ሊቀመንበሯ፣ ሽበት ያላቸው ሴት፣ “ድልድዩ ችግር ቢኖርበት ቀድመሽ ታውቂያለሽ?” አሉኝ። “ምናልባት” አልኩ።

ምናልባት! ካለፈው ክረምት ወዲህ የሦስተኛው ምሰሶ አነቃነቅ ከሌሎቹ ተለይቷል። ውሃ ሥሩን እየበላው ነው። በየሳምንቱ አያለሁ። ግን ሌላ ክረምት ልጨምር፣ በደንብ ላረጋግጥ፣ ደፋር አይበሉኝ… እያልኩ ሳልናገር ወረድኩ።

ከሰዓት ለጭልፊት ቆምኩ። አንዱ ገምጋሚ “ሸክላው ቶሎ ይደፈናል። ይኼን ምን አደረጋችሁት?” ብሎ ያዘኝ። መልሱ ወረቀቷ ላይ የለም። ሸክላው ሲተኮስ ተቃጥሎ ለውሃው ቀዳዳ የሚተወውን ሰጋቱራ በደቃቅ ወንፊት ነፍታ ከጭቃው ጋር ስትለውስ የተሳካላት በቅርቡ ነው፤ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። “አላውቅም” ብል ማንም አይወቅሰኝም። አንድ ቃል… እና ድልድዬ ይተርፋል። አሰብኩት፤ አልዋሽም።

ከዚያ አፌ ተከፈተ። “ተፈቷል። በዓይኔ አይቻለሁ” አልኩ። ሰሌዳው ላይ ሣልኩ። ሰውየው ሲያቋርጠኝ “ያስጨርሱኝ” አልኩት። እኔ! ጭልፊት ራሷ ብትኖር እንዲህ አትከራከርም።

ስወጣ ሊቀመንበሯ ኮሪደሩ ላይ ያዙኝ። “ልጄ፣ የከሰዓቷ ሴት ጠዋት የት ነበረች?”



መጋቢት 4

እማዬ ያሳደገችኝ “ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም” እያለች ነው። እውነቷን ነው፣ አልገባም። እህልም አልገባ።

መጋቢት 20

ጭልፊት አሸነፈች።

ሆስፒታል ሄጄ ነገርኳት። ሕፃኗ ከማሞቂያው ወጥታለች፤ ደረቷ ላይ ተኝታለች፣ መዳፍ የምታክል። “አዝነሽብኛል?” አለችኝ። “አዎ” አልኩ። ደስ ብሎኛል፣ ቀንቻለሁም። ሁለቱም እውነት ነው። እጄን ያዘች። ረዳቴ ሁኚ፣ ከድጋፉ እከፍልሻለሁ አለች። አስብበታለሁ አልኩ… ግን የማስበው ሌላ ነው። መለኪያዎቹ ሲነቀሉ ምሰሶውን ማን ያየዋል?

መጋቢት 27

ዛሬ መንገዶች ቢሮ ሄድኩ። ያለ ቀጠሮ። ዋና መሐንዲሱ ከወረቀቱ ቀና ሳይሉ “ማን ልኮሽ ነው?” አሉ።

“ማንም። ድልድዩን የማጠናው እኔ ነኝ። ሦስተኛው ምሰሶ ሥሩ ተበልቷል።”

ቀና አሉ። “እርግጠኛ ነሽ?”

“እርግጠኛ ነኝ።”

ወንበር ሳቡልኝ። ከመለኪያዎቹ ያወጣኋቸውን ሥዕሎች ዘረጋሁ። አንዱን ደጋግመው አዩት፤ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ሁለት ሰዎች አስጠሩ። እስኪመረመር ድረስ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ድልድዩ ይዘጋ ተባለ። ስለ ጥናቱ ገንዘብ ቃል አልገቡልኝም። “መለኪያዎችሽን ግን ማንም አይነካም፣ ለዩኒቨርሲቲው እኔ እጽፋለሁ” አሉ።

ልወጣ ስል “ይኼን ካወቅሽ ስንት ጊዜሽ ነው?” ብለው ጠየቁኝ።

“ካለፈው ክረምት ወዲህ” አልኩ። በሙሉ ድምፄ። 

በእግሬ ተመለስኩ። ድልድዩ ጋ ስደርስ ሰው የሞላ አውቶቡስ ሊሻገር ገባ። በመስኮቱ አንዲት ሴት ልጇን አቅፋ ተኝታለች። እስኪሻገር ድረስ ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ።