የሁሩሙ ምስሮ

መጋቢት 2፣ ሰኞ፣ ጠዋት 12፡30

ምስር እለቅማለሁ። ሦስት ጠጠር፣ አንድ የበቆሎ ስባሪ። እትዬ ዘነበወርቅ ከኋላዬ ቆማለች። የለቀምኩትን ሰፌድ ተቀብላ እንደገና ትለቅማለች። ምንም አላገኘችም። ይህም አናደዳት።

ደብተሬ፣ ላንቺ ብቻ ልንገርሽ። ይህች የባሌ እኅት ወንድሜን ላስታምም ብላ ከጎሬ ከመጣች ዐሥራ አንድ ቀኗ። ማስታመም የምትለው ድስቴን ከፍቶ ማሽተት ነው። ፊት ለፊት «እርስዎ» እላታለሁ። እዚህ ግን እ.ዘ. ናት፤ ለሙሉ ስሟ ቀለም አላባክንም።

አስፋው በጨጓራ ከተኛ ሦስተኛ ሳምንቱ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር በርበሬ እንዳይነካ፣ ወተት እንዲጠጣ አዟል። ባሌ በጾም ወተት አልቀምስም አለ። የቀረው የምስር ሾርባ ነው። እ.ዘ. ቁርጡን ነግራኛለች፤ እስከ ቅዳሜ ተነሥቶ ካልተቀመጠ በቡና መኪና ጎሬ ትወስደዋለች። እሷ ቤት ከገባ አይመለስም። አራት ዓመት ሙሉ ያልወለድኩትን ልጅ በየቀኑ የምትቆጥርብኝ ሴት ናት።

ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

ከማስተምርበት ት/ቤት ሮጬ መጣሁ። ምስሩን በሦስት ውሃ አጠብኩ። ጣድኩ። አረፋውን ገፈፍኩ። ሽንኩርት ሳይቁላላ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ እርድ በቁንጥር። ሲፈርስ በማንኪያ ጀርባ ደፍጥጬ አጠለልኩት። መጨረሻ ላይ ጨውና አንድ ጠብታ የኑግ ዘይት። እ.ዘ. ቀምሳ፣ ወንድሟን የእግር መታጠቢያ እንዳላጠጣው መከረችኝ።

አስፋው ሁለት ጭልፋ ጠጣ። ሆዱ ውስጥ ቀረ! ቀረ፣ ደብተሬ። ማጀት ገብቼ አለቀስኩ።

ረቡዕ፣ 11 ሰዓት

ንድድ ብያለሁ። እ.ዘ. አጥር ሥር ከአዴ ጫልቱ ጋር ቆማ ስታወራ ሰማኋት። አዴ ጫልቱ በየገበያው ቀን ከሁሩሙ ማርና እህል ይዛ የምትመጣ፣ ሁልጊዜ ምስር የምትሸጥልኝ ሴት ናት። እኔ የአንኮበር ልጅ ነኝ፤ ኦሮምኛዬ ከገበያ አያልፍም። ግን ይቺን ለይቻለሁ፦ «ኦቦሌሳ ኮፍ ምስሮ ጋሪ»። ለወንድሜ ጥሩ ምስር! «ምስር»ን መጨረሻው ላይ «ሮ» አለችው፤ የጎሬ ሰው አነጋገር መሆን አለበት።

የእኔ ምስር ምን ሆነ? ሰው እየዳነበት? በገዛ ደንበኛዬ ፊት ታዋርደኝ?

ሐሙስ፣ ጠዋት

አስፋው ተቀመጠ! ትራስ ሳይደገፍ። አሸነፍኳት። ሙሉ ሳህን ጠጣ፣ ድገሚኝ አለ።

ደስታዬ መካከል ንዴቴ ገነፈለ። እኅትህ የእኔን ንቃ ከሁሩሙ ሌላ እያፈላለገች ነው፣ ታውቃለህ? አልኩት። ማንኪያው አፉ ላይ ቀረ። ዓይኔን ማየት አቃተው። እሷ ናት ያሰበችው፣ እኔ አልጠየቅኳትም አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ ስትጨቀጭቀኝ እሺ አልኳት እንጂ አንቺን ጠልቼ አይደለም፣ አትቀየሚኝ አለኝ።

ሳቄ መጣ። ለምስር እንዲህ ይጨነቃል? ግንባሩን ስሜ ወደ ት/ቤት ሄድኩ።

ዓርብ፣ 6፡30

አዴ ጫልቱን መንገድ ላይ አገኘኋት። በእልክ፣ ለእትዬ የምታመጪውን ምስሮ ለእኔም አምጪልኝ፣ ከእሷ የበለጠውን አልኳት።

ጆሮዋን ያመነች አልመሰለኝም። እንደገና አስባለችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «አዬ እትዬ! ምስር እኮ ምስራ ነው። ምስሮ ሙሽራ ነው።»

ሙሽራ።

ልጅቱ የአዴ ጫልቱ ባል የእኅት ልጅ ናት። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊላክ ተነጋግረዋል። «ጋሼ አስፋው ራሳቸው እሺ ብለዋል ብለው እኅታቸው ሲነግሩኝ እርስዎም የፈቀዱ መስሎኝ፤ ወላሂ!» አለች። እሷን ምን አደርጋታለሁ? ምስሬን ተቀብዬ መጣሁ።

«እሺ አልኳት።» ሳህኔን ይዞ! እኔም ግንባሩን ሳምኩት! የገዛ ግንባሬን በጭልፋ ብመታው እወዳለሁ።

ዓርብ፣ 7 ሰዓት

ሾርባው ደርሷል። አልቀዳሁም።

እ.ዘ. በር ላይ ተቀምጣ ወንድሟ ስለተሻለው ጎሬ መሄዱ ቀርቷል ትላለች፤ እስከ ፋሲካ እዚሁ እሰነብታለሁ ትላለች። ይህ ቤት ት/ቤቱ ለአስተማሪዋ የሰጠው ነው። አስተማሪዋ እኔ ነኝ። ለቡና መኪናው ሾፌር መልእክት ልኬለታለሁ፤ ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ወደ ጎሬ፣ ሁለት ሰው ከነጓዙ። ለእ.ዘ. እስካሁን አልነገርኳትም። አሁን ወጥቼ እነግራታለሁ፤ «አንቺ» ብዬ።

አስፋው ከውስጥ ይጠራኛል። ራበኝ ይላል። ድምፁ ጠንክሯል።

ይጥራ።