የእሁድ ማይሎች

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ እዚህ ከርኒ በረዶው ቀልጦ ጭቃ ብቻ ቀርቷል። ነርሷ ይህን ስታነብልሽ ሰማያዊ ሹራብሽን ደርቢ፤ መስኮቱ አጠገብ መቀመጥ ትወጃለሽ፣ በዚያ በኩል ግን ነፋስ ይገባል።

ሁለት እሁድ የቀረሁብሽ በመኪናዋ ጣጣ ነው። ያቺ ለሦስት ዓመት በሊዝ፣ ማለት በረጅም ኪራይ፣ የያዝኳት ግራጫዋ፣ ጊዜዋ አልቆ ልመልሳት ሄድኩ። ያኔ ስወስዳት ሻጩ «በቀን ስንት ማይል ይነዳሉ?» ሲለኝ፣ ከቤቴ እስከማበስልበት ትምህርት ቤት ያለውን ብቻ ቆጥሬ ከዚያ በላይ ከተነዳ የሚያስከፍለውን ትንሹን የማይል ውል ፈረምኩ። አንቺ ብሮክን ቦው ወዳለው መጦሪያ ድረስ እንደምትሄጂብኝ በምን አውቄ!

ስመልሳት ሎይድ የሚባል የመኪና መሸጫው ሰውዬ ዙሪያዋን ዞሮ የሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሃያ ዶላር ወረቀት ሰጠኝ። በሩ ተጭሯል፣ ጎማው አልቋል፣ ከውሉ በላይ ዘጠኝ ሺህ ማይል ተነድቷል ይላል። ይህን ሁሉ ከከፈልኩ ሌላ መኪና የለም፤ መኪና ከሌለ ደግሞ እሁድ የለም። ወደ አንቺ የሚመጣ አውቶቡስ የት አለና!

«እዚህች ጋ ይፈርሙልኝ» አለኝ። ብዕሩን ልቀበለው ስል አብራኝ የመጣችው ጎረቤቴ ቨርና ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ የልጆቹን ሾርባ እንኳ ሳትቀምሺ አታወጪም፤ ይሄን ሳታነቢ ልትፈርሚ ነው?» አለችኝ።

አልፈረምኩም። እያንዳንዱን ከነፎቶው በጽሑፍ ስጡኝ ብዬ ወጣሁ። ማታ መነጽሬን አድርጌ ውሉን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ለካ ከባንክ ካርድ ያነሰ ጭረት አይከፈልበትም! ጎማውም ጥርሱ እስካላለቀ ድረስ እንደዚያው።

ረቡዕ ተመልሼ ሄድኩና የቤተ መጻሕፍት ካርዴን ጭረቱ ላይ ለጠፍኩት፤ ድፍን አድርጎ ሸፈነው። ሎይድ «በዚህ ነው እንዴ የሚለኩት?» ሲለኝ፣ «ከባንኩ ካርድ ጋር እኩል ነው፤ የባንኩማ ባዶ ነው» አልኩት። ሳቁ አመለጠው። ከዚያ አባዬ እንዳሳየን ሳንቲም ጎማው ጥርስ ውስጥ ዘቅዝቄ ከተትኩ። ሳንቲሙ ላይ ያለው ሰው ፀጉሩ ተሸፈነ፤ ጎማው ገና ነው ማለት ነው። ይህንኑ ጽፌ፣ ፎቶውን አያይዤ፣ ደረሰኝ ተቀብዬ ለሊዝ ኩባንያው በፖስታ ላክሁ። በሳምንቱ የበሩም የጎማውም ሒሳብ ተሰርዟል የሚል መልስ መጣልኝ። አንድ ሺህ አራት መቶ ሃያ ዶላር፣ እማዬ!

ቨርና ታዲያ ልቧ አብጦ፣ «ማይሉንም ተከራከሪ እንጂ! እናቴ ታማ ነው በያቸው፤ አልቅሺባቸው» አለችኝ። እሷ ምን ታድርግ፣ አዝናልኝ ነው። እኔ ግን እምቢ አልኩ። ያላበላሸሁትን አልከፍልም ብዬ የነዳሁትን አልነዳሁም ልበል? ዘጠኙንም ሺህ እኔ ነኝ የነዳሁት። ከመካከላቸው የማዝንበት አንድም ማይል የለም። እሱን ከፈልኩ።

በተረፈችኝ ገንዘብ የቨርናን ወንድም አሮጌ ፒካፕ ገዛሁ። የግራ በሯ ካልተረገጠ አይዘጋም፤ ማሞቂያዋም የሚያሞቀው እግር ብቻ ነው። ግን የራሴ ናት። ከእንግዲህ ማይል የሚቆጥርብኝ ሰው የለም።

የፊታችን እሁድ ከምሳ በፊት እደርሳለሁ፤ የምትወጂውን የኮክ ፓይ ጋግሬ እመጣለሁ። በሩን ስከፍት እንደ ሁልጊዜው ፈገግ ብለሽ ወንበሩን ታሳዪኛለሽ፤ «ይቀመጡ፣ ከሩቅ ነው የመጡት?» ትዪኛለሽ። እኔም እንደ ሁልጊዜው፣ «አይ፣ እዚሁ ቅርብ ነኝ» እልሻለሁ።

እስከዚያው ፈጣሪ ጉልበትሽን ያበርታው፤ እንቅልፍሽን ያጣፍጥልሽ።

ልጅሽ