ድንጋይ ሳይሆን ክሪኩን ይሸከም

ይድረስ ለምወድሽ እኅቴ ለወይዘሮ ሸዋወርቅ፣ አንኮበር።

ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር እንድትረጂልኝ እፈልጋለሁ። ይህን ደብዳቤ የንስሐ አባትሽ እንዳያነቡልሽ። ልጅሽ ዘርፉ ታንብብልሽ፤ ፊደል ያስቆጠርኳት ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። የንስሐ አባትሽ የአብተው አጎት ናቸው። አብተው ደግሞ ልጅሽን አስፋውን ቀኝ እጁን ያሳጣው ሾፌር ነው። ሽማግሌ አስከትሎ፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ይቅርታ ሊለምንሽ ወደ ደጅሽ እንደሚመጣ ሰምቻለሁ። ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ሳትሰሚ የይቅርታ ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበይኝ። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ ተሻለው ወይ? የአንኮበር ብርድ እንዴት አድርጎሻል? ዘርፉ፣ ባለቤቷና ሕፃናቱስ ደኅና ናቸው ወይ? ባለፈው ከብዳለች ያልሽኝ ላም በደኅና ወለደች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ባለቤቴ በላይነሽም ከዓይኗ ሕመም ድና ሽሮዋን ራሷ መልቀም ጀምራለች። አዳማን የምታማርሪበት ሙቀትና አቧራ ግን እንዳለ ነው።

አስፋው ቁስሉ ደርቋል። ጠዋት ጠዋት እኔ ዘንድ ተቀምጦ በግራ እጁ መጻፍ ይለማመዳል። ፊደሉ ሲንጋደድበት፣ «የኔታ፣ በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ሊገርፉኝ ነው?» እያለ ያስቀኛል። ከሳቀ በኋላ ግን ቀኝ እጅጌውን አጣጥፎ ከጉልበቱ ሥር ይደብቀዋል። ያን ጊዜ እኔ ሌላ ሰው እሆናለሁ።

በጥር ወር በሰው አፍ የላክሁልሽ ወሬ አጭር ነበር። ያላረጋገጥሁትን መጻፍ ስላልወደድሁ ነው። አሁን በዓይኔ አይቻለሁና በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

ክሪክ የሚሉት ካሚዮንን ከመሬት የሚያነሣ ብረት ነው። ጎማ ሲፈነዳ ያለ እሱ መለወጥ አይቻልም። ከሞጆ ወደ ሻሸመኔ የሚወርዱ ካሚዮኖች ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚጓዙት፤ አንዱ የጎደለውን ከሌላው ያገኛል። የተበላሸ ካሚዮን ያየ ሾፌርም ቆሞ የመሣሪያ ሳጥኑን ይከፍታል። ይህን ዳኛ አልፈረደውም፣ አዋጅም አልወጣበትም፤ ግን ሾፌር የሆነ ሁሉ ይኖርበታል። የአስፋውን ሳጥን ያሰናዳሁለት እኔ ነበርሁ። መፍቻው፣ የጎማ መንፊያው፣ መለጠፊያው፣ ሽቦው፣ ካንዴላው፣ ሁሉም የየራሱ ቦታ ነበረው። ከመነሣቱ በፊት እንደ ተማሪ ስም እየጠራሁ «አለ» እንዲለኝ አደርግ ነበር። የክሪኩ እጀታ በፀሐይ እየጋለ መዳፉን ቢፈጀው፣ አንቺ ከአባታችን አሮጌ ኮርቻ ላይ ቀይ ቆዳ ቆርጠሽ፣ እንደ እጅጌ ሰፍተሽ መላክሽን መቼም አትረሺውም። ያንን ቆዳ እጀታው ላይ ያለበስሁት በገዛ እጄ ነው።

በጥር አስፋውና አብተው ቡና ጭነው ከሻሸመኔ አብረው ተነሡ። መቂ መግቢያ ላይ የአብተው ጎማ ፈነዳ። የእሱ ክሪክ ቀድሞ ተሰብሮ ስለነበር አስፋው የራሱን አውጥቶ ሰጠውና፣ ቀመሪያ የምትባል ለሾፌሮች ምግብ የምትሸጥ ሴት ቤት ምሳውን ሊበላ ገባ። አብተው ጎማውን ለውጦ ሲጨርስ ክሪኩን ከመቀመጫው ሥር ወርውሮ መኪናውን አስነሣ። ሞጆ ባቡር ጣቢያ ቀድሞ የደረሰ የመልሱን ጭነት ያገኛል፤ ያስቸኮለው ይኸው ነው። ቀመሪያ ከደጇ ሆና «አንተ፣ የሰው ዕቃ!» ብትለው፣ «ሞጆ ላይ ይወስዳል በዪው» ብሏት ሄደ።

አስፋው ተከትሎት ወጣ። ቆቃ ሳይደርስ ግን የእሱም የኋላ ጎማ ፈነዳ። ጭነቱ ላይ የተቀመጡት መንገደኞች ወርደው የግራር ግንድ ቆርጠው ካሚዮኑን አነሡለት፣ ሥሩንም በድንጋይ ደገፉ። የዚያ አገር ድንጋይ የአንኮበር ድንጋይ አይምሰልሽ፤ ሲያዩት ትልቅ፣ ሲያነሡት ቀላል፣ ሲጫኑት የሚፈረፈር ነው። ካሚዮኑ ድንጋዩን አድቅቆ በአስፋው ቀኝ እጅ ላይ ወረደ። ከመንገደኞቹ አንዱ፣ ራህመቶ የሚባል የቡና ነጋዴ፣ አሸዋውን በእጁ እየዛቀ ነው ያወጣው።

እስከዚህ ድረስ ያለውን አንቺም እንደ ክፉ አጋጣሚ ልትቆጥሪው ትችያለሽ፤ እኔም ልቆጥረው እችል ነበር። የሚቀጥለውን ግን ስሚ። አመሻሽ ላይ አብተው ጨው ጭኖ ከሞጆ ሲመለስ በዚያው መንገድ መጣ። ራህመቶ ነጠላውን እያውለበለበ መንገዱ መሀል ቆመበትና፣ «ክሪኩን ጣልልን፣ ሰውየው እየደማ ነው» አለው። አብተው አስፋውን አየው። ደሙንም አየ። «ክሪክ የለኝም» ብሎ ጥጉን ይዞ አለፈ። ልጅሽ ተኝቶ በጆሮው ሰማው። ክሪኩን ቢሰጣቸው ጎማው ተለውጦ ረዳቱ እየነዳ ያኑ ዕለት ሞጆ ያደርሰው ነበር። ሞጆ ድረስ በቃሬዛ ተሸክመውት፣ ከዚያም በባቡር ዘግይቶ አዲስ አበባ ሲደርስ ግን ሐኪሙ «ቀድሞ ቢመጣ እጁ ይተርፍ ነበር» አለ።

አብተው በኋላ ክሪኩን ለቀመሪያ አስረክቤያለሁ ብሎ ማለ። ሾፌሮቹ ግማሾቹ አመኑት። እኔም ያላየሁትን አየሁ ስለማልል ዝም አልሁ።

ከፋሲካ በኋላ የአስፋውን ዕቃ ላመጣ ወደ ሻሸመኔ ወረድሁ። የሚነዳው ጆቴ ነበር፤ አዳማ ላይ ልጅ ሆኖ ያስተማርሁት ነው። ቡልቡላ አጠገብ አንድ ካሚዮን ቆሞ አየን፤ አብተው ነው። አንድ ጎኑ በክሪክ ተነሥቷል፣ በክሪኩ እጀታ ላይ ቀይ ቆዳ አለ። ስፌትሽን ከመኪናው ሳልወርድ አወቅሁት። አብተው እየሮጠ መጥቶ መንፊያዬ ተበላሸብኝ፣ አውሱኝ አለ። ከዚያ እኔን አየና ባርኔጣውን አወለቀ። መንፊያው ከእግሬ ሥር ነበር።

«መንፊያ የለንም» አልሁት።

ጆቴ ዘወር ብሎ አየኝና «የኔታ፣ ሳጥኑ እኮ እግርዎ ሥር ነው» አለኝ።

«ንዳ» አልሁት። ነዳ።

እኅቴ፣ ደስ አለኝ። ከአንቺ አልደብቅም። ዕቃውን ይዘን ስንመለስም አብተው እዚያው ነበር፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ፊቱ አቧራ ለብሷል። ጆቴ ወርዶ ክሪኩን ሊነጥቀው ፈልጎ ነበር። እኔ ከለከልሁት። እሱ እጅ ላይ እስካለ ድረስ ምስክሬ ነው።

ከዚያ በሞጆ፣ በአዳማና በመቂ ላሉ ሾፌሮች ያየሁትን ነገርኋቸው። አልጨመርሁም፣ አልቀነስሁም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአብተው ጋር ጥንድ ሆኖ የሚወጣ ሾፌር ጠፋ፤ ብቻውን ከመቂ የሚያልፍ ደግሞ የለም። ባለ ካሚዮኑም መኪናውን ለሌላ ሰጠበት። አሁን ሞጆ ጣቢያው አጥር ሥር ተቀምጦ ይውላል። ሾፌሮቹ ሲያልፉ ከላይ ሆነው «አብተው፣ ክሪክ አለህ?» ይሉታል። እኔም ሞጆ ጉዳይ በገጠመኝ ቁጥር በዚያ አጥር በኩል አልፋለሁ፤ ጉዳይ ሳይኖረኝም ያለፍሁበት ቀን አለ።

አስፋው እንደ አንቺ ሆደ ቡቡ ነው። «የኔታ፣ ይበቃዋል፤ ክሪኬን ይመልስልኝና ይሂድ» ይለኛል። እኔ ግን አልበቃኝም። አብተው ወደ እኔ ያልመጣው እንደማልሰማው ስለሚያውቅ ነው። አንቺ የአስፋው እናት ነሽ፤ አንቺ ይቅር ካልሽው ሾፌሮቹም እንደሚመለሱለት ያውቃል። የንስሐ አባትሽን የያዘውም ለዚሁ ነው።

እንግዲህ የምለምንሽ ይህ ነው። ድንጋይ ተሸክሞ ከመጣ ከደጅ መልሺው። ድንጋይ አገር ሙሉ አለ፣ ከአጥርሽ ሥርም ያነሣዋል። ክሪኩን ተሸክሞ ይምጣ። ጠፋ ካለሽ ሄዶ ይፈልግ። ክሪኩ አንገቱ ላይ እንዳለ በሽማግሌዎቹ ፊት «ክሪክ የለኝም ብዬ ነበር» ይበል። ሽማግሌዎቹ ከብዶታል፣ አውርጂለት ይሉሻል። አትቸኩዪ። ጉልበትሽን ስለሚያምሽ በርጩማ አስመጪና ተቀመጪ። ከዚያ ቆዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያገላበጥሽ ስፌትሽን እዪ። አይተሽ ስትጨርሺ ይቅር ማለት አለማለት የአንቺ ፈንታ ነው። ክሪኩን ግን ለአስፋው ላኪለት። የንስሐ አባትሽ ቢቆጡሽ አንኮበር ሌላ ካህን አይጠፋም።

ለዘርፉና ለባለቤቷ፣ ለሕፃናቱ በየስማቸው፣ ለጎረቤትሽ ለእማሆይም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። በላይነሽ ጉንጭሽን ትስማለች። ከታች ያለው የተንጋደደ መስመር የልጅሽ የግራ እጁ ሥራ ነው፤ አላረምሁትም።

«እማዬ ደኅና ነኝ አታልቅሺ አስፋው»

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ነጋዴ ሁለት ቀን አንኮበር ያድራል። እነሱ ሳይቀድሙኝ፣ ድንጋዩን እንደማትቀበዪ በዘርፉ አስጽፈሽ በነጋዴው እጅ መልሱን ቶሎ ላኪልኝ።

ወንድምሽ ወልደአማኑኤል
አዳማ፣ ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፳፬ ዓ.ም.